ቀኑ ያለፈ እርግዝና፦ ምጥ በመድኃኒት ይጀመር ወይስ ይጠበቅ?



«ቀንሽ አልፏል፤ ተኝተሽ ምጥ በመድኃኒት ይጀመርልሽ» የሚል ቃል ከሐኪም ሲሰማ ቤተሰብ ለሁለት መከፈሉ የተለመደ ነው። አንዱ «ልጁ አላህ በወሰነለት ቀን ይወጣል፤ ምን አስቸኮላቸው?» ይላል። ሌላው «የምጥ መርፌ ከገባ መጨረሻው ኦፕራሲዮን ነው» ብሎ ያስፈራራል። አማት የራሷን ትናገራለች፣ ጎረቤት የራሷን፤ ነፍሰ ጡሯ ግን ሐኪሙን መጠየቅ ያለባትን ሳትጠይቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በዚህ ጽሑፍ ለውሳኔው የሚያስፈልገውን ነገር ለማቅረብ ሞክረናል። የሐኪምን ምርመራ እንደማይተካ ግን አስቀድመን እንናገራለን፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ መንታ እርግዝና ወይም ሌላ ችግር ያለባት እናት ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሷ 41 ሳምንት እስኪሞላት ላትጠብቅም ትችላለች።

የእኛን አቋም ከወዲሁ ለማሳወቅ ያህል፣ ቀኑ በትክክል ታውቆ 41 ሳምንት በሞላ እርግዝና ላይ ምጥ ማስጀመር ከመጠበቅ ይሻላል የሚለው ማስረጃ ጠንካራ ነው ብለን እናምናለን። ችግሩ ያለው «በትክክል ታውቆ» የሚለው ላይ ነው።

በእርግጥ ቀኑ አልፏል?

የመውለጃ ቀን የሚሰላው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ተነስቶ 280 ቀን፣ ማለትም 40 ሳምንት በመቁጠር ነው። ብዙ ሰው ከቀረው ወር አበባ ወይም «አረገዝኩ» ካለችበት ጊዜ ይጀምራል። ያ ሳምንታትን ያዛንፋል። ደግሞም ይህች ቀን ግምት ናት፤ ልክ በዕለቷ የሚወልዱት ከመቶ እናቶች አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው። አርባ ሳምንት ሞልቶ ሦስት ቀን ማለፍ በራሱ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። በሕክምናው አነጋገር 41 ሳምንት ሲሞላ «የዘገየ»፣ 42 ሳምንት ሲሞላ ደግሞ «ጊዜው ያለፈ» እርግዝና ይባላል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ 280 ቀን ማለት ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ነው። ጳጉሜ መሐል ላይ ከገባች ግን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ዘጠኝ ወር ከአራት ቀን። ለምሳሌ የወር አበባዋ ጥቅምት 1 የጀመረ እህት ቀኗ ሐምሌ 11 ነው። ሚያዝያ 1 የጀመረባት ደግሞ ጳጉሜን ስለምታልፍ ቀኗ ጥር 6 ላይ ይውላል። በየቤቱ የምንሰማው «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚለው አባባል ልክ የሚሆነው ጳጉሜ በመሐል ስትገባ ብቻ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 20 ባለው ጊዜ የወር አበባዋን ያየች እናት በዚህ አባባል ብትሄድ ቀኗን አምስት ቀን ታስቀድማለች። አምስት ቀን ትንሽ ይመስላል፤ 41 ሳምንት ሞልቷል አልሞላም በሚባልበት ክርክር ላይ ግን ውሳኔውን ሊገለብጥ ይችላል።

በሂጅሪ አቆጣጠር የሚቆጥሩ እህቶቻችን ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋባቸዋል። የጨረቃ ወር 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ ዘጠኝ የሂጅሪ ወራት 265 ወይም 266 ቀን አካባቢ ነው የሚሆኑት፤ ከ280 ቀን ሁለት ሳምንት ይጎድላሉ። «ረመዳን መግቢያ ላይ ነበር የወር አበባዬ» የምትል እናት ዘጠኝ ወር ቆጥራ ጁማደል አኺር ሲገባ ቀኔ ደረሰ ብትል ገና 38 ሳምንት ነች። ትክክለኛ ቀኗ የሚውለው በዚያው ወር አጋማሽ ላይ ነው። በዓረብ አገር ክትትል ጀምራ ለመውለድ አገር ቤት የገባች እህት ካርዷ ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ለአዋላጇ ነርስ መንገር አለባት፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው በፈረንጅና በሐበሻ አቆጣጠር መካከል በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል።

የወር አበባ ቀን የማይጠቅምባቸው ሁኔታዎችም አሉ። እያጠባች ያረገዘች፣ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ አቁማ የወር አበባዋ ሳይስተካከል ያረገዘች፣ ወይም ድሮም ዑደቷ የተዛባ እናት ቀኗን በዚህ መንገድ ማወቅ አትችልም። መፍትሔው በጊዜ የሚነሳ አልትራሳውንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳ አልትራሳውንድ የእርግዝናውን ዕድሜ በአንድ ሳምንት ልዩነት ውስጥ ይናገራል። በመጨረሻዎቹ ወራት የተነሳው ግን ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሳ የሚመክረው በከፊል ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስህተት አለ። ቀኗ 41 ሳምንት የሆነ እናት በዘጠነኛው ወር ሌላ ቦታ አልትራሳውንድ ትነሳና «ገና 38 ሳምንት ነሽ» ትባላለች። ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ነገር ግን በመጨረሻ ላይ የሚነሳው አልትራሳውንድ ዕድሜን የሚገምተው ከልጁ መጠን ነው፤ ልጁ ትንሽ የሆነው የእንግዴ ልጁ በቂ ምግብና ኦክስጅን ስላላደረሰለት ከሆነ፣ መጠበቅ የሌለበት ልጅ «ገና ነው» እየተባለ ይጠበቃል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ከተጋጨ ቀድሞ የተነሳው ይበልጣል። የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ ወረቀት እንደ መታወቂያ ጠብቁት።

ጊዜው ሲያልፍ ምን ይለወጣል?

የእንግዴ ልጅ ዕድሜ አለው። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ በአንዳንዶች ላይ አቅሙ ይደክማል፤ የሽርት ውሃ ይቀንሳል፤ ልጁ ሆድ ውስጥ ሰገራውን ሊለቅና ሲወለድ ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። በሌሎች ላይ ደግሞ ልጁ ማደጉን ይቀጥልና ትከሻው እስኪያስቸግር ድረስ ይገዝፋል። ከሁሉም የሚከፋው በሆድ ውስጥ መሞት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 15 ሚሊዮን ያህል እርግዝናዎችን ያካተተ የጥናቶች ቅንብር እንዳሳየው፣ በሆድ ውስጥ የመሞት ስጋት በ37 ሳምንት ከ1000 እርግዝና 0.11 ሲሆን በ42 ሳምንት 3.18 ይደርሳል። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። በ42 ሳምንት እንኳ ከ1000 ልጆች 997 ያህሉ በዚህ ምክንያት አይሞቱም፤ ስለዚህ «ጎረቤቴ 43 ሳምንት ቆይታ በሰላም ወለደች» የምትል እህት ውሸት አልተናገረችም። ግን ስጋቱ ብዙ እጥፍ ማደጉም እውነት ነው፤ የሚመዘነውም አነስተኛ ሆኖ የማይመለስ አደጋ ነው። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት ጥሩ የሕክምና ክትትል ባለባቸው አገሮች መሆኑንም ልብ ይሏል።

ታዲያ ምጥ ማስጀመር ይህን አደጋ ይቀንሳል? ስዊድን ውስጥ 2760 እናቶችን በዕጣ ለሁለት በመክፈል፣ ለአንደኛው ቡድን በ41 ሳምንት ምጥ ተጀመረ፤ ሌላው እስከ 42 ሳምንት እንዲጠብቅ ተደረገ። በጠበቀው ቡድን ስድስት ሕፃናት ሞቱ፤ በሌላው አንድም አልሞተም። ጥናቱ ለመቀጠል የማይፈቅድ ሆኖ ስለተገኘ ሳያልቅ ቆመ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በዓመቱ ደግሞ ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ተቋም ከ21,000 በላይ እናቶችን የያዙ 34 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመረ። ምጥ በተጀመረላቸው ዘንድ የሕፃናት ሞት አነስተኛ ነበር፤ በግምት 544 እናቶች ምጥ ሲጀመርላቸው የአንድ ልጅ ሞት ይቀራል።

ብዙዎችን የሚያስገርመው ሌላው ግኝት የኦፕራሲዮን ጉዳይ ነው። በእነዚህ ጥናቶች ምጥ የተጀመረላቸው እናቶች ከጠበቁት ይልቅ ለቀዶ ጥገና የተዳረጉት በመጠኑ ያነሱ ናቸው። በስዊድኑ ጥናት ሁለቱ ቡድኖች እኩል ያህል ነበሩ። «መርፌ ከገባ ኦፕራሲዮን አይቀርም» የሚለው ወሬ የመጣበት ምክንያት ይገባናል፤ ምጥ የሚጀመርላት እናት ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ ችግር ያለባት ናት፤ ኦፕራሲዮኑን ያመጣው መድኃኒቱ ሳይሆን ችግሩ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ንጽጽር በዚያው ሳምንት ሆና ከጠበቀችው እናት ጋር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ከዚህ ጋር ይሄዳል፦ 41 ሳምንት መሙላቱ በእርግጠኝነት ለታወቀ እናት ምጥ እንዲጀመር ይመክራል፤ ሌላ ችግር ለሌለባትና 41 ሳምንት ላልሞላት ግን አይመክርም። አሜሪካ የሚኖሩ እህቶቻችን ግን በ39 ሳምንት «ከፈለግሽ እናስጀምርልሽ» ሊባሉ ይችላሉ። ይህ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ከታተመና 6100 ያህል የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ ጤነኛ እናቶችን ከያዘ የአሜሪካ ጥናት ነው፤ ምጥ በተጀመረላቸው ዘንድ ኦፕራሲዮን 18.6 በመቶ፣ በጠበቁት ዘንድ 22.2 በመቶ ሆነ። በሕፃናቱ ጤና ላይ ግን ጎልቶ የወጣ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ በ39 ሳምንት የሚቀርበው አማራጭ ነው፤ እምቢ ያለች እናት ልጇን አደጋ ላይ ጣለች አይባልም። በ41 ሳምንት የሚቀርበው ግን ክብደቱ ሌላ ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

«አላህ የወሰነው ቀን አለ»

አዎ፣ አለ። የማንኛችንም የመወለጃ ሰዓት በአላህ ዕውቀት ውስጥ ነው። ግን በመድኃኒት የተጀመረ ምጥ ከቀደር ውጭ የሚሆን አይመስለንም፤ ወባ የያዘው ልጅ መድኃኒት ሲሰጠው «አጀሉን ቀየርንበት» አንልም። ግመሉን አስሮ መመካትን የሚያስተምረውን ሐዲስ የማያውቅ አንባቢ የለንም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን ያዘዙ መሆናቸውም የታወቀ ነው። ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ የሚመጣ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ «በፊቅህ ኪታቦች እርግዝና ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመትም ሊቆይ ይችላል ተብሏል» የሚል ክርክር ይነሳል። ነገሩ በኪታቦቹ አለ። በሐነፊ መዝሀብ ረጅሙ የእርግዝና ጊዜ ሁለት ዓመት፣ በሻፊዒና በሐንበሊ አራት ዓመት ተብሎ ተቀምጧል። ነገር ግን ዑለማዎቹ ይህን ያነሱት የዘር ሐረግን፣ ዒዳንና ውርስን በተመለከተ፣ የአንዲት ሴት ክብር በጥርጣሬ እንዳይነካ ነው። ነፍሰ ጡር ምን ያህል ትጠብቅ ለሚለው የሕክምና ጥያቄ የተሰጠ መልስ አይደለም።

ሂደቱ ምን ይመስላል?

ምጥ ማስጀመር አንድ መርፌ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የማህፀን በር ይመረመራል፤ ለስልሷል ወይ፣ አጥሯል ወይ፣ ተከፍቷል ወይ፣ የልጁ ጭንቅላት ወርዷል ወይ ተብሎ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ ከፍ ካለ ሥራው ይቀላል። ዝቅ ካለ በሩን የማለስለስ ሥራ ይቀድማል፤ ይህም ሚሶፕሮስቶል በተባለ መድኃኒት በትንሽ በትንሹ፣ ወይም ጫፉ ላይ ያለችው ፊኛ በውሃ በምትሞላ ቀጭን ቱቦ ይከናወናል። ቀጥሎ የሽርት ውሃው ሊፈስስ፣ ኦክሲቶሲን ደግሞ በግሉኮስ ጠብ ጠብ እያለ ሊሰጥ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፊት አዋላጇ በጣቷ የሽርት ሽፋኑን ከማህፀን በር ዙሪያ የምታላቅቅበት ቀላል ዘዴ አለ፤ ያምማል፣ ትንሽ ደምም ያሳያል፤ ግን ምጡ በራሱ እንዲጀምር ስለሚረዳ መድኃኒት ሊያስቀር ይችላል። ቀኑ የደረሰች እናት ይህን እንዲያደርጉላት ብትጠይቅ ነውር የለበትም።

በተለይ ለመጀመሪያ ልጅ ሂደቱ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይወስዳል። ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ «ትናንት የገባች እስካሁን ምን አደረጓት?» የሚለው ሽብር ይቀንሳል። ህመሙም በራሱ ከመጣ ምጥ ፈጥኖ የሚበረታበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የህመም ማስታገሻ ምን እንዳለ መጠየቅ መብት ነው። ዋናው አደጋ ማህፀን ከልክ በላይ መኮማተሩና የልጁ የልብ ምት መዛባቱ ስለሆነ፣ ምጥ መጀመር ያለበት የልብ ምቱን እየተከታተለ፣ ካስፈለገም ወዲያው ኦፕራሲዮን ማድረግ በሚችል ቦታ ነው። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የሚልካችሁ ለዚህ ነው እንጂ ሊገላገላችሁ ፈልጎ አይደለም።

ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ይህን ደጋግማ ለሐኪሞቹ ትንገር። ጠባሳው ሊከፈት ስለሚችል ሚሶፕሮስቶል ለእሷ አይሰጥም፤ ውሳኔዋም ለብቻው የሚታይ ነው። የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ የተቀመጠ ወይም ልጁ በጎን የተጋደመ ከሆነም ምጥ ማስጀመር አይቻልም።

በቤት ውስጥ የሚሞከረው

ሚሶፕሮስቶልን ከፋርማሲ ገዝቶ በቤት መዋጥ ሕይወት የሚያጠፋ ድፍረት ነው። በሆስፒታል ምጥ ለማስጀመር በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 25 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በተለምዶ የሚሸጠው አንዱ ፍሬ 200 ማይክሮግራም ነው፤ ስምንት እጥፍ። ማህፀን እስከ መቀደድ ሊያደርስ ይችላል። የጉሎ ዘይት ተቅማጥና ትውከት አምጥቶ እናቲቱን ያደክማታል። ጤና አዳምና ሌሎች ቅጠሎችም መጠናቸው የማይለካ ስለሆነ ለዚህ ዓላማ መጠጣት የለባቸውም።

ተምር ግን ሌላ ነው። መርየም (ዐለይሃ ሰላም) በምጧ ጊዜ ከተምር ዛፍ ሥር መሆኗን በቁርኣን እናነባለን። ዮርዳኖስ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ ከመውለጃቸው በፊት ለአራት ሳምንት በቀን ስድስት ተምር የበሉ እናቶች ሆስፒታል ሲገቡ የማህፀን በራቸው ይበልጥ ተከፍቶ እንደተገኘና ምጥ ማስጀመሪያ ያስፈለጋቸውም ጥቂት እንደነበሩ ዘግቧል። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ እናቶቹም በዕጣ የተመደቡ አልነበሩም፤ ስለዚህ ተምርን የሐኪም ቀጠሮ ምትክ ማድረግ አይቻልም። ስኳር የሌለባት እናት ብትበላው ግን ምን ከፋት?

ለመጠበቅ የወሰነች እናት

መጠበቅም ውሳኔ ነው፤ ቤት ተቀምጦ መርሳት ማለት ግን አይደለም። ከ41 ሳምንት በኋላ የምትጠብቅ እናት በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል የልጇን የልብ ምትና የሽርት ውሃውን መጠን ማስመርመር ይኖርባታል፤ ይህም ቢሆን ዋስትና እንዳልሆነ ማወቅ አለባት። የዛሬ ምርመራ ስለ ዛሬ ነው የሚናገረው። ይህን ክትትል ማግኘት በማይቻልበት ገጠር መጠበቅ ይበልጥ ከባድ ምርጫ ነው፤ ቢያንስ ቀኑ ከመድረሱ በፊት በጤና ተቋም አጠገብ ወዳለ የእናቶች ማቆያ መግባት ይበጃል።

የልጁ እንቅስቃሴ ከወትሮው ከቀነሰ ወይም ከተለወጠ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ «ቦታ ጠቦት ነው» የሚል ምክር አትስሙ፤ ጤነኛ ልጅ እስከ ምጥ ድረስ ይንቀሳቀሳል። ውሃ ከፈሰሰ፣ በተለይ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ከታየ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣም እንዲሁ።

ሆስፒታል ከመግባት በፊት

ለሐኪሙ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ 41 ሳምንት መሙላቴን በምን አወቃችሁ? የማህፀን በሬ ምን ይመስላል? በየትኛው ዘዴ ትጀምራላችሁ? ካልሠራስ? ሁለት ሦስት ቀን ብጠብቅ ማን ይከታተለኛል? ሰውነቷ የሷ ነውና መልሱን ሰምታ እሺ ወይም እምቢ የምትለው እናቲቱ ናት። ባል ቢያማክራት፣ ቢያጽናናት፣ ትራንስፖርትና ደም ለጋሽ ቢያዘጋጅ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሴት ባለሙያ እንድትመረምራት መጠየቅ ትችላለች፤ ብዙ ቦታ አዋላጆቹ ሴቶች ስለሆኑ ጥያቄው ከባድ አይሆንም። ካልተገኘች ግን በችግር ጊዜ ወንድ ሐኪም ማየቱን ዑለማዎች ፈቅደዋል፤ በዚህ ሰበብ ምርመራን ማዘግየት አይገባም። ረመዳን ከሆነም መድኃኒቱን ለመዋጥ ጾሙን አፍጥራ በኋላ ቀዳ ታወጣለች።

የሶላት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ እናንሳው። ሂደቱ ረጅም ስለሆነ ብዙ የሶላት ወቅቶች ሊያልፉ ይችላሉ። የሽርት ውሃ መፍሰሱ ብቻ ኒፋስ እንዳልሆነና ሶላትን እንደማያስቀር የብዙኃኑ ዑለማዎች አቋም ነው፤ ከምጥ ጋር ከመውለድ በፊት በሚወጣው ደም ላይ ግን መዝሀቦች ይለያያሉ። መቆም ያቃታት ተቀምጣ፣ መቀመጥ ያቃታት ተኝታ ትሰግዳለች። ግሉኮስ እጇ ላይ ተሰክቶ ውዱእ እንዴት እንደምታደርግና ሶላት ማጣመር ይፈቀድላት እንደሆነ ከምትተማመንባቸው ኡስታዝ ከመግባቷ በፊት ብትጠይቅ፣ ምጥ መሐል ላይ ስልክ ከማስደወል ትድናለች።